ትንሽ የበላ ብዙ ይኖራል

ጥቅምት 6

ለምወዳችሁ ለጋሼና ለእትዬ፤

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይግባላችሁ። እንደምን ከረማችሁ? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። ፈጣሪ እናንተንም ደጃችሁንም ይጠብቅልኝ። ልጃችሁ ጌትዬስ? ጉንጩን ሳሙልኝ፣ እሺ ካላችሁ።

ሥራ ቀየርኩ። እንዳትስቁብኝ፤ አሁን የማገለግለው አይጥ ነው። ስለ እርጅና የሚያጠኑ ሰዎች ዘንድ ተቀጥሬ፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ፀጉሬን ሸፍኜ አይጥ አበላለሁ። ክፍሉ መስኮት የለውም። ከወለል እስከ ጣሪያ በመደርደሪያ የተደረደሩ የፕላስቲክ ሳጥኖች አሉ፤ በየሳጥኑ አይጥ። በግራ በኩል ያሉት እስኪጠግቡ ይበላሉ፤ በቀኝ ያሉት ግን ከጥጋብ በታች እየተሰፈረ ነው የሚሰጣቸው። ድሮ አይጥ ባየሁ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ሰፈሩን የማደባልቀው እኔ፣ ዛሬ ጅራታቸውን ይዤ ሚዛን ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። እትዬ፣ ብታዪ ታምኚ ነበር?

የገረመኝን ላጫውታችሁ። የግራዎቹ ወፍረው፣ ፀጉራቸው ተመልጦ፣ አብዛኞቹ ሞተዋል። በቀኝ በኩል ግን «ሽማግሌው» የምንለው አንድ አለ። እኩዮቹን ሁሉ ሸኝቶ እስካሁን መሽከርከሪያው ላይ ይሮጣል። ኃላፊያችንን ምስጢሩን ብጠይቃቸው፣ «ሰውነቱ የሚያገኘው ትንሽ ስለሆነ ቆጥቦ ነው የሚያነድደው፤ ቀስ ብሎ የሚነድ እንጨት ቶሎ አያልቅም» አሉኝ። ጋሼ፣ ዳቦ ቤት ውስጥ አሳድገህ አሳድገህ፣ የረሃብን ጥቅም እንድማር ባሕር ማዶ ላክኸኝ!

የስኳር ኪኒንህን እንዳትረሳ። ናፍቃችኋለሁ።

ልጃችሁ

ኅዳር 20

ለእህቴ ልጅ፣ ለድንቢጤ፤

በያለሽበት ሰላም ዋይ፣ ሰላም እደሪ። ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። እትዬሽን ዓይኗን ሞራው ስለጋረዳት፣ እንደ ልማዳችን ከእራት በኋላ ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። በጠረጴዛው ወሬ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔም ስስቅ ቆይቼ፣ ሽማግሌው ጋ ስደርስ ሳቄ ጠፋ።

ልጄ፣ ለማንም ያልተነፈስኩትን ልንገርሽ። እኔ ስልሳ አራት ዓመቴን ይዣለሁ። ጌትዬም አእምሮው የሕፃን ሆኖ ቢቀር ሠላሳ አንድ ሞላው። ባለፈው ሐኪሙ አገላብጦ አየውና፣ «ልቡም ሳንባውም የጎረምሳ ነው፤ ገና ብዙ ዘመን ይኖራል» አለኝ። ሌላ አባት ቢሆን ሐኪሙን አቅፎ ይስም ነበር። እኔ ሳላመሰግነው ጌትዬን ይዤ ወጣሁ። ታውቂዋለሽ፤ ከእኔ እጅ ካልሆነ አይበላም። እትዬሽ፣ የወለደችው እናቱ፣ ማንኪያ ስታቀርብለት እንኳ ከንፈሩን ይገጥማል። እኔ ጉንፋን ጥሎኝ የተኛሁ ጊዜ ውሃ ብቻ ጠጥቶ ሰነበተ። አባቴ በስልሳ ስድስቱ ሄደ፤ ወንድሜም እዚያው ግድም። እኔ አፈር ስገባ ይህን ልጅ ማን ያበላዋል? ማታ ማታ ሲያኝክ ጉንጩን እያየሁ ይህንኑ ነው የማስበው። እፈራለሁ፤ ወንድ ነኝና አይባልም እንጂ በጣም እፈራለሁ።

ስለዚህ ጀምሬያለሁ። እራት ትቻለሁ። ቁርስም ሻይ ብቻ ነው። ዳቦ ጋጋሪ ከዳቦ ተጣላ ብለሽ ሳቂ። ጫማ ላኪልኝ ያልኩሽን ተይው። ይልቅስ የቀኞቹ በስንት ሰዓት እንደሚበሉ፣ ከጥጋባቸው ምን ያህል እንደሚቀነስባቸው ጻፊልኝ። የሽማግሌውንም አበላል በደንብ እይልኝ።

እትዬሽ ግንባርሽን ስማሻለች።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 15

ለጋሼና ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁን አብዝቶ ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ደብዳቤህን አውቶቡስ ውስጥ ከፍቼ ሳነብ መውረጃዬን አለፍኩ።  ያን የአይጥ ወሬ የጻፍኩት እትዬን ላስቃት ብዬ ነበር።

ኃላፊያችንን አስቀርቼ ጠየቅኋቸው። «አጎትሽ ስንት ዓመታቸው ነው? መድኃኒት ይወስዳሉ?» አሉኝ። ስነግራቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ያሉኝን ሁሉ ልጻፍልህ። የቀኞቹ አይጦች ትንሽ መብላት የጀመሩት በልጅነታቸው ነው፤ ካረጁ በኋላ የተጀመረላቸው ያን ያህል አልተጠቀሙም። ዘራቸው ሌላ የሆነ አይጦች ደግሞ በዚሁ አበላል ዕድሜያቸው ያጠረ አሉ። ደግሞም አይጡ ሳጥኑ ውስጥ ይሞቀዋል፤ ደረጃ አይወጣም፣ የዱቄት ጆንያ አይሸከምም። በአንተ ዕድሜ ሰው ሲራብ መጀመሪያ የሚሄድበት ሥጋው ነው፤ ያ ሥጋ አንዴ ከሄደ ደግሞ እሺ ብሎ አይመለስም። ለሸመገለ ሰው የሚበጀው ልክን ማወቅ ነው፦ ጣፋጩንና ቅባቱን መቀነስ፣ ባቄላውን፣ ዕንቁላሉን፣ አትክልቱን አለመተው፣ በእግር መሄድ፣ በቂ መተኛት። ይኸው ነው። ለዚህ አይጥ መጠየቅም አያስፈልግም ነበር።

አሁን ዋናውን ነገር ስማኝ። የምትውጠው ኪኒን በላህም አልበላህም ስኳርህን ያወርደዋል። ሆድህ ባዶ ሆኖ ከዋጥከው ከሚገባው በታች ይወርድና ያንቀጠቅጥሃል፣ ላብ ያጠምቅሃል፣ ራስህን ያስትሃል። ይገድላል፣ ጋሼ። ሐኪምህን ሳታማክር አንድም ገበታ እንዳታልፍ። እትዬ፣ ይህን አንቺም ስሚ፦ ሲንቀጠቀጥ ካየሽው ስኳር ያለበት ሻይ ስጪው። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሪ፤ ሐኪም ቤት ብቻ።

ስልኩን መልሳችሁ ብታስገቡትስ? እለምናችኋለሁ።

ልጃችሁ

ጥር 28

ለድንቢጤ፤

ሰላምሽ ይብዛ፤ የያዝሽው ይባረክ። ደብዳቤሽ ደረሰን፤ ለእትዬሽም አነበብኩላት። «ጎበዝ ልጅ» አለች። የስልኩን ነገር እርሽው። ያስነቀልነው ጌትዬ ጩኸቱን በሰማ ቁጥር ራሱን ከግድግዳ ጋር ስለሚያላትም መሆኑን ታውቂያለሽ። ደብዳቤ አይጮህም።

እኔማ ልጅ ሆኛለሁ! ሱሪዬ በቀበቶ ብቻ ነው የቆመው። ደንበኞቼ፣ «ዳቦህ ምን ሆኖ ነው አንተ ራስህ የማትበላው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። አንዷማ መርዝ ያለበት መስሏት ቀድሜ እንድቀምስላት ጠየቀች። ቀመስኩላት፣ ትንሽ። ኃላፊሽ የተማሩ ናቸው፣ አልጣላቸውም፤ ግን የራሴን ሰውነት እኔ አውቀዋለሁ። ሳይለምድ ያንገራግራል፣ ሲለምድ ያመሰግናል። አንዳንድ ማለዳ ሊጥ ሳቦካ እጄ የእኔ አልመስል ይለኛል፤ ላብም ያጠምቀኛል። ምድጃው ነው። ግድግዳውን ይዤ ትንሽ ስቆም ይተወኛል።

ጌትዬ ደህና ነው። ትናንት ሁለት ሳህን ጨረሰ። እሱ ሲበላ እኔ እጠግባለሁ፤ እውነቴን ነው።

መስመሩ ቁልቁል ቢሄድብሽ ብዕሩ ነው። ሽማግሌው እንዴት ነው? አሁንም ይሮጣል? እሱን ብቻ ጻፊልኝ፤ ሌላ ምንም እንድትልኪልኝ አልፈልግም።

አጎትሽ

የካቲት 19

ለጋሼ፤

እንደምን አለህ ብዬ የምጠይቀው ለወግ አይደለም። እንደምን አለህ?

ሽማግሌው ሞቷል። ልደብቅህ አስቤ ነበር፤ ግን የሞተበትን ምክንያት ማወቅ አለብህ። ባለፈው እሑድ የክፍሉ ማሞቂያ ተበላሸ። ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት ትንፋሼ ጭስ ሆኖ ታየኝ። ከግራዎቹ የተረፉት ወፍራሞች ጭዳቸው ውስጥ ተወሽቀው ይንቀጠቀጣሉ፤ ግን በሕይወት አሉ። የቀኞቹን አንድ በአንድ በእጄ አወጣኋቸው። ደርቀዋል። ሽማግሌው መሽከርከሪያው ሥር ተጠቅልሎ ነበር። ለአንድ ቀን ብርድ የሚሆን ስንቅ ሰውነቱ ውስጥ አልነበረውም። ኃላፊያችን፣ «ትንሽ መብላት የሚያዋጣው ሁሉ ነገር እንደ ሰዓት ሲሄድ ነው እንጂ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ እንዲህ ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ግን ያየሁት አንተን ነው።

ስለ ኪኒኑ አንዲት ቃል አልመለስክልኝም። ጆሮ ዳባ ልበስ አልከኝ? እጅህ መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ ግድግዳ መያዝህ፣ እኔ በታኅሣሥ የጻፍኩልህ ምልክት ነው፤ ምድጃ አይደለም። ደግሞ እትዬ «ጎበዝ ልጅ» አለች ትለኛለህ። እትዬ በሕይወቷ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ያን ደብዳቤ ብትሰማ ቤቱን በጩኸት ታናጋው ነበር። ጋሼ፣ የምጽፈውን ታነብላታለህ? ሁሉንም?

እባክህ ዛሬ ብላ። ይህ ወረቀት እጅህ ላይ ሳለ፣ ሳታጥፈው፣ ብላ።

ልጅህ

መጋቢት 9

ይድረስ ለልጄ፤

አንቺ አፈር ስሆንልሽ፣ ከሁሉ በፊት፦ ነፍሱ አለች። እንዳትደነግጪ። ይህን የምትጽፍልኝ ጥግ ላይ ያለችው የፋርማሲዋ ልጅ ናት፤ የምለውን ሁሉ ሳታሳምር ጻፊ ብያታለሁ።

ባለፈው ደብዳቤሽ ሲመጣ ፖስታውን ተቀብዬ ዳሰስኩት። ወፍራም ነው። አጎትሽ አንብቦ ሲጨርስ ሻዬ ገና አልበረደም። «ይኸው ነው?» ስለው፣ «ሌላው ሰላምታ ነው» አለኝ። ዓይኔ ቢታወር እጄ አልታወረም፤ የስንት ገጽ ሰላምታ ነው? ደግሞ ሌሊት ሲገላበጥ የጎኑ አጥንት ይወጋኛል። «ጨጓራዬ ነው፣ ሐኪም ከልክሎኝ ነው» እያለ ሸነገለኝ፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው የወሰደኝ። ማክሰኞ ጠዋት ኮቱን ሰቅሎ ሊጥ ሊያቦካ ሲገባ፣ ደብዳቤዎችሽን ከኪሱ አውጥቼ በግድግዳ ግድግዳ እየዳበስኩ ወደ ፋርማሲዋ ሄድኩ።

ልጅቷ «እትዬ፣ ይህን አንቺም ስሚ» ያልሽበት ላይ ስትደርስ «ድገሚልኝ» አልኳት። «ኪኒኑን በባዶ ሆዳቸው ነው የሚውጡት?» አለችኝ። ያን ጠዋትም ሲውጥ ውሃውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ! ክንዴን ይዛ እየጎተተችኝ ሮጥን። ከዳቦ ቤቱ የሚያር ዳቦ ይሸታል። ከምድጃው የሚያወጣው ሰው አልነበረም፤ ሠራተኛው ዳቦ ሊያደርስ ወጥቷል።

ከማቡኪያው ሥር ወድቋል። ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ ዱቄቱ ላዩ ላይ ተለጥፎ። ጌትዬ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። የቁርሱ ሰዓት አልፎበታል። የአባቱን እጅ አንስቶ ወደ አፉ ያመጣዋል፤ እጁ ይወድቃል። ደግሞ ያነሳዋል፤ ደግሞ ይወድቃል። አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እኔ በጭጋግ ነው ያየሁት። ልጅቷ ግን አጥርታ አይታዋለች፤ አሁን እየጻፈችው ታለቅሳለች።

ሐኪም ቤት ስኳር በመርፌ ሰጡት። ዓይኑን ሲገልጥ «ጌትዬ በላ?» አለ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አናተርፈውም ነበር» አለኝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች! ዕድሜ እጨምራለሁ ብሎ የነበረውን ሊያጣ!

አጎትሽ አሁንም ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ነው። ጌትዬ ከማክሰኞ ጀምሮ ከንፈሩን ገጥሟል። ለመንኩት፣ ዘፈንኩለት፣ ተቆጣሁት። ውሃ ብቻ ነው የሚወስድልኝ። የፋርማሲዋ ስልክ ቁጥር ከታች አለ። ምን ላድርግ፣ ልጄ? የፈሩት ይደርሳል ይሉ ነበር፤ ይኸው ደረሰ።

እትዬሽ

መጋቢት 24

ለጋሼ፤

እንኳን ለቤትህ አበቃህ። በፋርማሲዋ ስልክ ሳገኝህ አልቅሼ ምንም ሳልልህ ስለዘጋሁ ነው ይህን የምጽፈው። እትዬ ጌትዬን ሐኪም ቤት አልጋህ ድረስ አምጥታ፣ አንተ መርፌ በተተከለበት እጅህ እንዳበላኸው ነገረችኝ። ተርፏል፣ ተመስገን። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር እንደ ጌትዬ ግድግዳ ልመታ ይቃጣኛል።

አንድ ነገር ልበልህ፤ አትቆጣኝ። እሺ፣ የፈለግኸው ሆነልህ እንበል። መቶ ዓመት ኖርክ። ያኔ ጌትዬ ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በማግስቱ ከንፈሩን ይገጥማል። ሞትህን አራዘምከው እንጂ የሱን ረሃብ አላስቀረህለትም። እዚህ ያሉት አዋቂዎች ሁሉ ተሰብስበው ዕድሜህን እጥፍ ቢያደርጉት እንኳ ያቺ ጠዋት ትመጣለች። ስለዚህ አንተ ብላ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘህ። ጌትዬ ደግሞ ሌላ እጅ ይልመድ። ቀስ ብለህ፤ አንተ እያለህ፣ አጠገቡ ቁጭ ብለህ። ፈረስ እንኳ ጌታውን ይለውጣል።

እንዲህ ስልህ ምን እንደሚሰማህ አውቃለሁ። ግን እኔም ፈርቻለሁ፤ ለእሱም፣ ለአንተም፣ ለእትዬም።

ልጅህ

ሰኔ 11

ለእህቴ ልጅ፣ ለድንቢጤ፤

ዘመንሽ ይርዘም፣ ልጄ፣ በጥጋብ እንጂ በረሃብ አይሁን። ይህን ደብዳቤ ሳልጽፍ የቆየሁት የምነግርሽ ነገር እስኪኖረኝ ነው።

ሐኪሙ ኪኒኔን ለወጠው፤ ገበታ በሰዓቱ እንድበላም አስማለኝ። ጠዋት ዕንቁላል፣ ቀትር ላይ ባቄላና አትክልት፣ ማታ ቀለል ያለ ነገር። ዳቦም እበላለሁ፣ ቁራሽ። ከሰዓት በኋላ ከእትዬሽ ጋር እስከ ድልድዩ ሄደን እንመለሳለን፤ እሷ እኔን ትደግፋለች፣ እኔ ለእሷ አይላታለሁ። ደብዳቤሽን እየቆረጥኩ ያነበብኩላትን እንደሆነ በየመንገዱ ታነሳብኛለች። ይገባኛል።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ አስቆጥቶኝ ነበር። ቀድጄ ልጥለው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ቀናት ቆይቼ ጀመርኩ። መጀመሪያ እትዬሽ ማንኪያውን ያዘች፣ እኔ እጇን ያዝኩ። ጌትዬ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየንና ከንፈሩን ገጠመ። የእኔን ሽርጥ፣ ዱቄት የለበሰውን፣ አስታጠቅኋት። ሽርጡን አሸተተው። በሳምንቱ በላ። ከዚያ ክንዷን ያዝኩ፣ ከዚያ ትከሻዋን ብቻ፣ ከዚያ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብ አደረግሁ። ሳህን ወርውሯል፤ እትዬሽን ነክሷታል። አንድ ቀን «በቃ፣ ተይው» ብዬ ጮህኩ፤ እሷ ግን ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ፣ «ማንኪያውን አምጣ» አለችኝ።

ትናንት ከበሩ ውጭ ቆምኩ። በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ፤ እኔ አየዋለሁ፣ እሱ አያየኝም። እትዬሽ ማንኪያውን በግምት ነው የምትልከው፤ አንዳንዴ አገጩን ትነካዋለች። እሱ አንገቱን ዘርግቶ ማንኪያው ወዳለበት ሄዶ ጎረሰው። አኘከ። ደግሞ አፉን ከፈተ። ሳህኑ እስኪያልቅ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ በሩ ዞሮ አልፈለገኝም።

ከምድጃው ጀርባ ሄጄ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሠራተኛው ዳቦው አረረ ብሎ ሲጠራኝ እንኳ አልወጣሁም። ከደስታዬ ብዛት ነው ብዬ ልዋሽሽ ነበር። ደስታም አለበት። ግን ልጄ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሞትን ስፈራ የኖርኩት ለእሱ ብዬ ነበር፤ ስለራሴ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። አሁን እኔ ብሞት እሱ ይበላል። ትናንት እዚያ ምድጃው ጀርባ ቆሜ መሞት እንደምችል ገባኝ፤ እኔ ራሴ፣ ይህ ሰውዬ። ክፉኛ ፈራሁ።

አጎትሽ